1 ሚሊ ሴራሚክ ቆሎ ይችላል ወይ?

«ደብረ ብርሃን ነኝ፣ መንጋጋ ጥርሴ ተፍቆ አልቋል፣ ሐኪሙ 1 ሚሊ ሜትር ሴራሚክ ልለጥፍልህ አለኝ፣ ቆሎ ስቆረጥም አይሰበርም?» ላልከው፣ በደንብ ከተለጠፈ ይችላል።

ሴራሚኩ ብቻውን ተሰባሪ ነው። ጉልበት የሚያገኘው ከታች ካለው ኢናሜል (ከጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ጋር አንድ ሆኖ ሲጣበቅ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቀው፦ ቁሱ ሊቲየም ዳይሲሊኬት (ጠንካራ የጥርስ ሴራሚክ ዓይነት) ነው ወይ? ኢናሜልስ ምን ያህል ተርፎኛል? ኢናሜሉ አልቆ ከሥሩ ያለው ቢጫው የጥርስ ክፍል (ዴንቲን) ብቻ ከቀረ ማጣበቂያው የመያዝ አቅሙ ይደክማል፣ ያኔ ወፈር ያለ ወይም ዚርኮኒያ (ይበልጥ ጠንካራ የሆነ ሴራሚክ) ቢያስብልህ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን፣ የኔ ሴራሚክ የተሰነጠቀው ቆሎ ስበላ አይደለም፣ ማታ ተኝቼ ጥርሴን ሳፋጭ ነው (ሚስቴ ስትነግረኝ አላምናትም ነበር)። አንተም የምታፋጭ ከሆነ ቀድመህ ንገረው፣ ለማታ የሚደረገውን የጥርስ መሸፈኛም አብረህ አሠራ።