ከቅዳሴ በኋላ ግፊትና ስኳር ለመለካት ላሰባችሁ

«ከጤና ጣቢያው ነርሶች ጋር ሆነን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የምእመናኑን ግፊትና ስኳር ብንለካ ምን እናዘጋጅ?» ላላችሁት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፦

መለኪያ ከመግዛታችሁ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪና የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አነጋግሩ። ከሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ ይውጣ፤ ነርሶቹም በሥራ ተመድበው ይምጡ። በግል ተለምነው ከመጡ፣ ሰኞ ወደ ጤና ጣቢያው የሚላከውን ሰው ጠብቆ የሚቀበል አይኖርም። ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሰዓታት ቆሞ ያስቀደሰ ሰው ወዲያው አይለካም። ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ሳያወራ 5 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ካፉ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመው የመለኪያው ጨርቅ) በልብስ ላይ አይታሰርም፤ ጠባብ እጅጌ ወደ ላይ ሲጠቀለልም ክንድ ያንቃል። ስለዚህ ለእናቶች መጋረጃ ያስፈልጋል። ለወፍራም ክንድ ሰፊ ካፍ ከሌለ ግፊቱ ካለው በላይ ይነበባል። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለክታችሁ አማካዩን መዝግቡ። ሁለት ነርሶች በሁለት ሰዓት 40 ሰው ከለኩ ይበቃል፤ 100 ተለካ ከተባለ ዕረፍቱ ተዘሏል ማለት ነው።

140/90 እና ከዚያ በላይ ያሳየ በሌላ ቀን በጤና ጣቢያ ይደገምለት። 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ወገን መዛል ካለ ግን መኪና ፈልጋችሁ ያኔውኑ ሆስፒታል!

ለስኳር ጾሙ ራሱ ያግዛችኋል፤ ከማታ ጀምሮ ምንም ያልቀመሰ ሰው 126 ሚ.ግ/ዴ.ሊ እና ከዚያ በላይ ካሳየ ለድጋሚ ምርመራ ይላክ። ጸበል ጻዲቅ የቀመሰ ከሆነ «በልቷል» ብላችሁ ጻፉ፤ እጁንም በሳሙና ይታጠብ፣ ጣት ላይ የቀረ ጣፋጭ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋልና። ከ70 በታች የወረደ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩት። «ጾመኛ ነኝ» ብሎ እምቢ የሚል አይጠፋም፤ ነርሷ ብትለምነው የማይሰማ፣ ቄሱ አንድ ቃል ሲሉት ይጠጣል። ካህን አጠገባችሁ ይኑር።

«የዛሬውን መድኃኒት ወስደዋል?» የሚለው ጥያቄ አይዘለል። ለቅዳሴ ብሎ ያልዋጠ ሰው ግፊቱ ከፍ ቢል መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ይህ ካልተጻፈ ሐኪሙ ያለ ምክንያት መጠኑን ሊጨምርበት ይችላል። በጾም ጉዳይ የንስሐ አባቱ እንዲፈቱለት ይነጋገር። «ጸበል ላይ ነኝ» ብሎ መድኃኒት ያቋረጠም ይኖራል፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው እንደነበር አባቶች ቢያስታውሱት ይበጃል።

መዝገቡን ከነርሶቹ በቀር ማንም አይየው፤ ውጤትም ጮክ ብሎ አይነገር። የጎረቤት ልጅ ቁጥሩን ካየ በሚቀጥለው እሁድ የሚመጣ የለም። የተላኩት ሄደው እንደሆነ አንዷ ነርስ በሳምንቱ ትደውል። ያገለገለው ላንሴት (ጣት የሚወጋበት መርፌ) ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ፣ ማለትም ለስለታም ቆሻሻ በተዘጋጀው ሣጥን ይግባ፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ ወደ ጤና ጣቢያው ይመለስ እንጂ ከደብሩ ቆሻሻ ጋር አይጣል።