ቅንጨ አረም የሚበላው ጢንዚዛ ኑጌን አይጨርስብኝም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደቡብ ወሎ፣ ቃሉ ነው። ማሽላና ጤፍ እዘራለሁ፤ ከብት እንዳይገባብኝ ዳር ዳሩን ኑግ አደርጋለሁ። ቅንጨ አረም መንገዱንም ግጦሹንም ወርሶታል። ባለቤቴ ስታርም ክንዷ ያብጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክካት ያድራል። የላማችን ወተትም መረረ። ይህን አረም ብቻ የሚበላ ጢንዚዛ አለ ሲሉ ሰማሁ። እርሱ ደግሞ ዞሮ ኑጌ ላይ ቢወጣስ? ከየትስ ላምጣው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የፈሩት ነገር ባለሙያዎቹንም አስፈርቷቸው ነበር። ኑግና ሱፍ ከቅንጨ አረም ጋር የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸውና። ስለዚህ ዚጎግራማ የሚባለው የሜክሲኮ ጢንዚዛ አገር ውስጥ እንደገባ ሜዳ ላይ አልተለቀቀም፤ አምቦ በተዘጋ ቤት ተይዞ ኑግ ጭምር እየቀረበለት ተፈተነ። ኑግ ላይ ተራብቶ መኖር አልቻለም። በ2005 ዓ.ም. ክረምት ወለንጪቲ አካባቢ የተለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ከለቀቀችው በኋላ ሱፍ ሲበላ ታየ ተብሎ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። ሲጣራ የአረሙ አበባ ብናኝ በነፋስ ተወስዶ የሱፉ ቅጠል ላይ አርፏል፤ ጢንዚዛውን ያታለለው ያ ነው። እናም አረም በወረሰው ማሳ ዳር ያለ ኑግ አንዳንዴ ቢቀመስ አይደንግጡ፤ ቤቱን እዚያ አይሠራም።

ነጣ ያለ ሆኖ ጀርባው ላይ ቡናማ ጭረቶች አሉት፤ ከምስር ፍሬ ብዙ አይበልጥም። እንቁላሉን የሚጥለው ቅጠሉ ላይ ነው፤ ገልበጥ አድርገው ይዩት። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ (ትሉ) ነው። ለጋውን ጫፍ ስለሚበላ አረሙ ሳያብብ ይቀራል፤ አንድ እግር አረም ከ15,000 በላይ ዘር ሊያረግፍ እንደሚችል ሲያስቡት ቀላል ነገር አይደለም። በበጋ ግን አፈር ውስጥ ገብቶ ይተኛል። አልቋል ብለው ተስፋ አይቁረጡ፤ ዝናብ ሲጥል ይወጣል።

ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው። ጢንዚዛው ወጥቶ እስኪበረክት አረሙ ይቀድመዋል፤ ማሽላዎ ደግሞ እስከዚያ አይጠብቅም። የማሳዎን አረም ራስዎ ይንቀሉ፤ ነጭ አበባው ሳይወጣ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ ከነሥሩ። ከላይ ካጨዱት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ባለቤትዎ ግን ከእንግዲህ አረሙን ባይነኩት ይሻላል፤ ቆዳ አንድ ጊዜ ከጠላው በኋላ በተነካ ቁጥር ይብስበታል። እስካሁን ያበጠውን ጤና ጣቢያ ያሳዩት፤ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ ነገ ዛሬ አይበሉ። ነቃዩ ሰው ጓንትና እጅጌ ረጅም ልብስ ይልበስ። የወተቱም ምሬት ከአረሙ ነው፤ ላሟን ከዚያ ግጦሽ ያርቋት።

ጢንዚዛውን ከሌላ ቦታ በጠርሙስ ይዘው እንዳይመጡ። ጥቂቱ ተበታትኖ ይጠፋል፤ እርሱ መስሎዎት ሌላ ተባይም ሊያመጡ ይችላሉ። በልማት ሠራተኛዎ በኩል ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ከአምቦ ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር የሚያገናኙዎት እነርሱ ናቸው። እስከዚያው ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆናችሁ ማረሻ የማይደርስበት፣ አረም የበዛበት አንድ የመንገድ ዳር ምረጡ። ጢንዚዛው እዚያ ከተለቀቀ በኋላ ማንም መድኃኒት አይርጭበት፣ አፈሩንም አይቆፍር፤ በጋውን ተኝቶ የሚያሳልፈው እዚያው አፈር ውስጥ ነው።