ቦሎ ታይ ከመግዛትህ በፊት ጀርባውን ገልብጠህ እይ

ወንድሜ፣ «ፊኒክስ ላሉት አማቴ የጡረታ ስጦታ አሮጌ ቦሎ ታይ (ከፊቱ በፈርጥ ማያዣ የሚታሰር የገመድ ክራባት) በ300 ዶላር አገኘሁ፤ ልግዛ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ቆይ፣ ገና አትክፈል። እኔ እዚያው አሪዞና 280 ዶላር ተበልቼበታለሁ። ስጦታው ጥሩ ነው፤ አሪዞና ከ1971 ጀምሮ ቦሎን በሕግ የግዛቷ ክራባት አድርጋዋለች፤ አማትህ የትም ያደርጉታል።

1ኛ፦ ገልብጠው። ሰው ፈርጡን ያያል፣ እውነቱ ግን ገመዱ የሚያልፍበት ጀርባ ላይ ነው። ሻጩ «የ1930ዎቹ የናቫሆ (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ጎሳ) ሥራ ነው» ብሎ ማለልኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ገመዱን ከጀርባ የሚይዘው ማያዣ ላይ «ቤኔት» የሚል ማህተም አለ። ያ ማያዣ ገበያ የወጣው በ1950ዎቹ ነው! ቦሎን ፈለሰፈ የሚባለው የዊከንበርግ (አሪዞና) ሰው ቪክቶር ሴዳርስታፍ ራሱ (ባርኔጣው ወድቆበት የባርኔጣውን ጌጠኛ ማሰሪያ አንገቱ ላይ ሲያጠልቅ ነው ሐሳቡ የመጣለት ይባላል) ፓተንቱን ያገኘው በ1959 ነው።

2ኛ፦ ድንጋዩ። ተጠራጠርኩና ጥጥ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ነክሬ ጠርዙን ጠረግኩት። ጥጡ ሰማያዊ ሆነ፤ ከሥሩ የወጣው እንደ ኖራ የነጣ ድንጋይ ነው። ተርኮይዝ (ሰማያዊው የከበረ ድንጋይ) ሳይሆን ቀለም የተነከረ ሃውላይት፣ ማለትም ርካሽ ነጭ ድንጋይ። መልሼ ስወስድለት ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ደንበኛ ፊት፣ «ካላወቅክ ለምን ገዛህ?» አለኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ይቺ ንግግር ናት እስካሁን የምታንገበግበኝ። ደረሰኙን አውጥቼ ሳነበው «ሰማያዊ ድንጋይ» ብቻ ይላል። ስለዚህ የሠሪውን ስም፣ ጎሳውን፣ የድንጋዩን ዓይነት በጽሑፍ አስፍር በለው። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች (ኢንዲያኖች) ያልሆነን ሥራ የእነሱ ነው ብሎ መሸጥ በ1990ው የፌዴራል ሕግ ያስቀጣል፤ የሚያጭበረብር ሰው እዚህ ላይ ብዕር አያነሳም።

የብር ማዕድኑ ላይ 925 (92.5 በመቶ ብር ማለት ነው) ወይም ስተርሊንግ የሚል ፈልግ። «ጀርመን ሲልቨር» ካሉህ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ብር የሚባል የለበትም።

ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝና ራሴ መሥራት ተማርኩ። ማያዣውን ሳትበይድ ድንጋዩን እንዳትገጥም፤ እኔ ቀድሜ ገጥሜ እሳቱ ተርኮይዙን ለሁለት ሰነጠቀብኝ። ሁለተኛው ግን አማረ፤ ገመዱን በአራት የቆዳ ጠፍር ጎነጎንኩት፣ ጫፎቹን በብር ቆብ ዘጋሁ። ልጄ ስትመረቅ አደረግኩት። አጠገቤ የተቀመጡ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ «ይቅርታ» ብለው በሁለት ጣታቸው ገለበጡት፤ ጀርባውን ረጅም ጊዜ አዩና «ማን ሠራው?» አሉኝ።

«እኔ» አልኳቸው።