«ከኳሱ ማድረሻው በለጠብኝ»፦ ከክፍለ ሀገር የስፖርት ዕቃ ለምታዝዙ ጥያቄና መልስ

መርካቶ በስፖርት ዕቃ መደብር ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛው ጊዜዬ ያለፈው ከመደርደሪያ ጀርባ ሳይሆን ካርቶን ሳስርና አውቶቡስ ተራ ስሮጥ ነው። ስለ ማድረሻ ሒሳብ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ። ታሪፍ ግን አልጠራም፤ ዛሬ የነገርኳችሁ ዋጋ ነዳጅ በጨመረ ማግስት ውሸት ይሆናል።

ከዲመካ፣ የስፖርት መምህር፦ ለትምህርት ቤታችን 10 የእግር ኳስ አዘዝኩ። እስከ ጂንካ የሚያደርሰው ድርጅት የ21 ኪሎ ክፈል አለኝ። አሥሩ ኳስ ቢመዘን እኮ 5 ኪሎ አይሞላም። ሊበሉኝ ነው?

መምህር፣ አልበሉዎትም፤ ያስከፈሉዎት የአየሩን ነው። ፈጣን ዕቃ አድራሾች ሁለት ሒሳብ ይይዛሉ፤ አንዱ ሚዛኑ የሚያሳየው ኪሎ፣ ሌላው ካርቶኑ የሚይዘው ቦታ። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ያባዙና ለ5000 ያካፍላሉ (ለ6000 የሚያካፍሉም አሉ)። ከሁለቱ የበለጠውን ያስከፍላሉ። 5 ቁጥር ኳስ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው፤ ተነፍቶ ግን ወደ 22 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። አሥሩን በሁለት ረድፍ ሲደረድሯቸው 110 በ44 በ22 ካርቶን ይሞላሉ። ያባዙት፣ ያካፍሉት፤ 21 ኪሎ ይመጣል።

መፍትሔው ሻጩ አየሩን አስወጥቶ እንዲልክ ማድረግ ነው። የተነፈሰ ኳስ እንደ ሳህን ታጥፎ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። 50 በ25 በ25 ካርቶን ከበቃው ሒሳቡ ወደ 6 ኪሎ ከሩብ ይወርዳል። ፓምፕና ሁለት ሦስት መርፌ አብረው ይዘዙ። መርፌውን ሳያረጥቡ አያስገቡ፤ በደረቅ መርፌ የተቀደደ ስንት ኳስ አይቻለሁ መሰላችሁ። ሲደርስዎት ሁሉንም ነፍተው አንድ ሌሊት ያሳድሩ፤ የሚያፈስ ካለ ጠዋት ይታወቃል። ያንኑ ቀን ለሻጩ ይደውሉ፤ ከሳምንት በኋላ ከደወሉ «ልጆቹ እሾህ ላይ ረግጠውት ነው» ይባላሉ።

መምህሩ እንደገና፦ እሺ። ግን ከአዲስ አበባ ጂንካ ከከፈልኩት ከጂንካ ዲመካ ያለው ለምን ይብሳል?

መንገዱ ስላጠረ ዋጋው አያጥርም። ከአዲስ አበባ የሚነሳው መኪና ብዙ ዕቃ ይዞ ስለሚሄድ ወጪው ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ከጂንካ ወዲያ ግን ለእርስዎ አንድ ካርቶን ብቻ ሰው ሞተር ያስነሳል። ዲመካ ቅዳሜ ነው የሚገበየው፤ ካርቶኑ ሐሙስ ወይም ዓርብ ጂንካ እንዲገባ ያድርጉና ከነጋዴዎቹ ጭነት ጋር ይምጣልዎት። ልዩነቱን ራስዎ ያዩታል።

ከበቆጂ፦ የመሮጫ ጫማ በቴሌግራም አዝዤ ጠበበኝ። ለመመለስ ደግሞ ማጓጓዣውን ቻይ ተባልኩ። መብቴ አይደለም?

እህቴ፣ ዕቃው ጉድለት ካለበት ሻጩ ይቻል፤ ቁጥሩን አንቺ መርጠሽ ከጠበበሽ ግን አብዛኛው ሻጭ አይችልልሽም። እንግዲህ ደርሶ መልስና እንደገና መላክ ስትደምሪው የማጓጓዣ ሒሳቡ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥር አትንገሪያቸው። «39» የተባለ ጫማ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ይለያያል። ማታ፣ ከልምምድ በኋላ እግርሽ ሲያብጥ፣ ወረቀት ላይ ቆመሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት በማስመሪያ ለኪና ያንን ላኪ። ሻጩም የጫማውን የውስጥ ሶል አውጥቶ ለክቶ ይመልስልሽ። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጊ።

የጫማውን ካርቶን ማስቀረትም ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ያለ ካርቶን የመጣ ጫማ አይመለስም የሚሉ አሉ። የለመድሽው ሞዴል ከሆነ ካርቶኑን አስቀሪው፤ አዲስ ከሆነ ይምጣ። (ደራርቱንና ቀነኒሳን ላፈራች ከተማ ጫማ ከመርካቶ መታዘዙ እስካሁን ይገርመኛል።)

ከመተማ፦ «ነፃ ዴሊቨሪ» ብለው ለጥፈው ስደውል ለእኔ አይሠራም አሉኝ።

ነፃ የሚሉት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። እሱም ቢሆን ዋጋው ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ «ነፃ ማድረሻውን ካልተጠቀምኩ ስንት ትቀንሳለህ?» ብለህ ጠይቅ። አያፍሩም፣ አትፈር።

ከደባርቅ፦ ለቀበሌያችን ሜዳ የጎል ብረት ከነመረቡ ማዘዝ ፈልገን ማጓጓዣው አስደነገጠን።

ብረቱን ተዉት። የጎሉ አግዳሚ 7.32 ሜትር፣ ቋሚው 2.44 ሜትር ነው። ይህን የሚያህል ዕቃ የሚጭንላችሁ ለብቻው መኪና እንደተከራያችሁ አድርጎ ነው የሚያስከፍላችሁ። ደባርቅ ብየዳ ቤት አይጠፋም። ገበያ ላይ ያለው ቱቦ 6 ሜትር ስለሆነ አግዳሚው መቀጠሉ አይቀርም፤ ብየዳውን ብቻ አትመኑት፣ በመጋጠሚያው ውስጥ ቀጠን ያለ ቱቦ ይግባለት፤ አለዚያ መሐሉ ይጎብጣል። ልጆች ስለሚንጠለጠሉበት ቋሚዎቹ በደንብ ተቆፍሮ በሲሚንቶ ይተከሉ። ከአዲስ አበባ መረቡን ብቻ እዘዙ፤ ተጠቅልሎ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል።

ከአሶሳ፦ ጋሼ፣ በአውቶቡስ የተላከልኝ የቮሊቦል ዕቃ ጠፋ። ሻጩ «ለረዳቱ ሰጥቻለሁ» ይላል፣ ረዳቱ «አላየሁም»።

በእኔም ደርሷል። አንድ ጊዜ የአንድ ክለብ ሙሉ ማሊያ ለረዳት በእጅ ሰጥቼ ቀረ፤ ከደሞዜ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ያለ ደረሰኝ አልሰጥም። ደረሰኝ የሚቆርጥ የጭነት ቢሮ ከእጅ ለእጅ ትንሽ ይወደዳል፣ ክፈለው። ሻጩ የመኪናውን ታርጋ፣ የደረሰኙንና የታሸገውን ካርቶን ፎቶ ሳይልክልህ ቀሪውን ክፍያ አትልቀቅ። ስምህና ስልክህ ከካርቶኑ ውጪ በማርከር፣ ውስጥም በወረቀት ይጻፍ፤ ዝናብ የውጪውን ያጥበዋል። ለጠፋው ዕቃ መጀመሪያ የምትይዘው ሻጩን ነው፤ አስረክቤያለሁ ካለ ማስረጃ ያምጣ። የመነኻሪያውን ጫኝና አውራጅ ክፍያም አትርሱ፤ ማንም ሻጭ አይነግራችሁም፣ እናንተ ግን ትከፍላላችሁ።

ከወልድያ፦ አጎቴ አሜሪካ ነው። ጫማ በፖስታ ይላክልኝ ወይስ በሰው?

ሰው ካለ በሰው። በፖስታ ሲመጣ ቀረጡ የሚሰላው በጫማው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውና መድኑ ተደምሮበት ነው። 100 ዶላር ጫማ በ60 ዶላር ቢላክ፣ መነሻው ከ160 በታች አይሆንም። 15 በመቶው ቫት ደግሞ ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ይመጣል። በሰው ከሆነ ግን የሰውዬው 23 ኪሎ ሻንጣ የእናንተ ብቻ እንዳልሆነ አስቡ። አንድ ጥንድ፣ ያለ ካርቶን፣ ጫማው ውስጥ ካልሲ ተጠቅጥቆ። ሦስት ጥንድ የላከ ዘመድ ሁለተኛ ስልኩ አይነሳለትም።

ከአርባ ምንጭ፦ የክብደት ብረት፣ 40 ኪሎ?

እዚህ ላይ የካርቶኑ ሒሳብ አይረዳህም፤ ብረት ብረት ነው፣ በኪሎው ትከፍላለህ። ዘንጉን እዚያው አስቆርጥ፣ ክብደቱን በቆርቆሮ ሲሚንቶ ሙላ። ግራና ቀኙን ግን መዝነህ አመጣጥን፤ እኔ ሳልመዝን አንስቼ ትከሻዬን ሦስት ወር አሞኛል።