«ያ የኮሮና ጊዜ ሕግ የት ሄደ?» ቤት ልቀቁ ለተባላችሁ ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ፣ ጥያቄና መልስ

ሰላም ጀመዓ። ባለፈው እሁድ ከሆጤ ወደ ፒያሳ ስወርድ የአንድ ቤተሰብ ፍራሽና ጀሪካን መንገድ ዳር ተደርድሮ፣ ልጆቹ እቃው ላይ ቁጭ ብለው አየሁ። እናትየዋን ሳናግራት «በኮሮና ጊዜ እኮ መንግስት ተከራይ ማስወጣት ክልክል ነው ብሎ ነበር፣ ያ ሕግ የት ሄደ?» አለችኝ። ቆሜ የምችለውን ነገርኳት ግን ማታ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ምክንያቱም እሷ ብቻ አይደለችም፣ ብዙ ሰው ያ ክልከላ እስካሁን ያለ ይመስለዋል። ለዛ ነው ስለ ቤት ኪራይ ያላችሁን ጠይቁኝ ያልኩት። ጠበቃ አይደለሁም፣ ሕግ ተምሬ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምተዳደረው፣ በ2012ም እዚሁ ደሴ ስለነበርኩ ብዙውን ነገር በአይኔ አይቻለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ መጀመሪያ እሱን ንገረን፣ ያ ክልከላ ምን ነበር፣ አሁንስ አለ?

አሁን የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፣ መጋቢት 30 ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ቁጥሩ 3/2012 ነው፣ ፓርላማው በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ አፀደቀው። ከዛ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ማስፈጸሚያ ደንብ አወጣ፣ ደንብ ቁጥር 466/2012። አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር የከለከለው እሱ ደንብ ነው። እዛው ላይ አሰሪም ሰራተኛ እንዳያባርር የሚል ነበረበት። አዋጁን የጣሰ ሰው እስከ 3 አመት እስራት ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር ቅጣት ነበረው፣ ቀላል አልነበረም። ግን አዋጁ የአምስት ወር ነው፣ 2012 ሲያልቅ አብሮ አለቀ፣ አልተራዘመም። አዋጁ ሲሞት ደንቡም አብሮት ይሞታል፣ በራሱ የሚቆም አይደለም። ስለዚ ዛሬ ቀበሌ ሄዳችሁ «ኮሮና ጊዜ የወጣው ሕግ አለኝ» ብትሉ ማንም አይሰማችሁም፣ ሌላ የምትይዙት ነገር ግን አለ፣ ወደሱ እመጣለሁ።

ጥያቄ፦ ያኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ስራ ሲቀዘቅዝ እቤት ቁጭ በሉ ተባልን (ከኮምቦልቻ ነኝ)፣ የአራት ወር ኪራይ አልከፈልኩም፣ ማስወጣት ስለተከለከለ ኪራዩ የተሰረዘ መስሎኝ ነበር፣ ባለቤቱ ግን መስከረም ሲጠባ ሁሉንም ጠየቀኝ። ልክ ነው?

ልክ ነው፣ ያሳዝናል ግን ልክ ነው። ብዙ ሰው የተጎዳው እዚህ ጋ ነው። ደንቡ ያለው «አታስወጣ፣ አትጨምር» ነው እንጂ «ኪራይ የለም» አላለም። በሩን ያዘላችሁ እንጂ እዳውን አልሰረዘም። እኔ ጋ በ2013 መጀመሪያ የመጡ ሰዎች አብዛኞቹ እንደ አንቺ ነበሩ፣ የአራት የአምስት ወር ተከማችቶ በአንዴ ሲጠየቁ ከየት ይምጣ? አንዳንዱ አልጋውን ሸጦ ከፍሏል። በዛ ሰአት «ይሄን ያህል አሁን፣ ቀሪውን በየወሩ ይሄን ያህል» ብሎ ወረቀት ላይ የተፈራረመ ሰው ግን በሰላም አለፈ፣ ቤቱም ውስጥ ቆየ። ልዩነቱ አንዲት ወረቀት ነበረች።

ለሚቀጥለውም የሚሆን አንድ ነገር ላክልበት፣ እዳ ኖሮባችሁ ፍርድ ቤት ብትከሰሱ እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዳኛው የችሮታ ጊዜ የመስጠት ስልጣን ይሰጠዋል፣ የተበዳሪውን ሁኔታ አይቶ እስከ 6 ወር። ግን ካልጠየቃችሁ ዳኛ ከኪሱ አውጥቶ አይሰጣችሁም። መልስ ስትሰጡ ጻፉት፣ ስራ የቆመበትን ደብዳቤ ወይ የታመማችሁበትን የሕክምና ወረቀት አያይዙ።

ጥያቄ፦ እኔ አከራይ ነኝ ልጄ። ባለቤቴ ከሞቱ ወዲህ ሰርቪሷን አከራይቼ በሷ ነው የምኖር፣ ያን ጊዜ ተከራዩ አምስት ወር አልከፈለኝም፣ ማስወጣትም አይቻልም አሉኝ። የኔንስ ጉዳይ ማን ያየዋል?

እትዬ፣ ይሄን ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። አከራይ ሲባል ሰው ባለ ፎቅ ነው የሚታየው፣ እዚህ ደሴ ግን አብዛኛው አከራይ እንደ እርሶ ነው፣ አንድ ሰርቪስ ሁለት ክፍል፣ በሷ በርበሬና ከሰል የሚገዛ። እውነቱን ልናገርና የ2012ቱ ደንብ እርሶን አላሰበም፣ ለተከራይ ጊዜ ሲሰጥ ያ ጊዜ በማን ኪሳራ እንደሆነ አልተመለከተም። ያኔ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም «ኪራይ የማሩ» እየተባሉ ብዙ አከራዮች ሲመሰገኑ ሰምተናል፣ እዚህም የሁለትና የሦስት ወር የማሩ ሰዎች አውቃለሁ፣ ወላሂ ስማቸውን ብጠራ ደስ ይለኝ ነበር። ግን በበጎ ፈቃድ ብቻ ድሀ አከራይ ድሀ ተከራይን ይሸከም ማለት አይሆንም፣ መንግስት ከከለከለ ከፊሉን እሱ መሸፈን አለበት ብዬ ነው የማምን።

እርሶ ግን እዳው አልጠፋም፣ ክልከላው ሲነሳ የመጠየቅ መብት ነበረዎት። እንዲህ አይነት ነገር ሲመጣ ዝም ብለው አይጠብቁ፣ ተከራዩን ሁለት ሽማግሌ ባለበት ቁጭ አድርገው ያልተከፈለውን ወር በስሙ ያስፈርሙት። በማስወጣት አይጀምሩ፣ ወጥቶ ከሄደ ሰውየውንም ብሩንም አያገኙትም።

ጥያቄ፦ እህቴ አሜሪካ ናት፣ እዛ በኮቪድ አመት ሙሉ ማንም አልወጣም ትላለች፣ እነሱ እንዴት ቻሉት?

እነሱም ጋ እንደሚወራው ለስላሳ አልነበረም። እዛ የጤና መስሪያ ቤታቸው ነው (ሲዲሲ የሚባለው) በፈረንጆቹ መስከረም 4፣ 2020 ጀምሮ ማስወጣት የከለከለው፣ ምክንያቱ ሰው ከቤት ከወጣ ዘመድ ጋ ይታጨቃል፣ በሽታው ይዛመታል ነው። ደስ የሚለኝ ይሄ ምክንያት ነው፣ ቤት የጤና ጉዳይ ነው ማለት እኮ ነው፣ እኛም ጋ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሰው ሲታጨቅ አይተናል። ግን ዝም ብሎ ለሁሉም አይሰራም ነበር፣ ተከራዩ ገቢዬ ቀንሷል፣ የምችለውን ለመክፈል ሞክሬአለሁ ብሎ ፈርሞ ለአከራዩ መስጠት ነበረበት። ያልፈረመ ወጥቷል። እዳውም እዛም አልተሰረዘም። ልዩነቱ ምንድነው፣ ምክር ቤታቸው ወደ 46 ቢሊዮን ዶላር ለኪራይ እርዳታ መደበ፣ ብሩ በአብዛኛው በቀጥታ ለአከራዩ ነበር የሚገባ፣ የእትዬን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው። በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ነሐሴ 2021 ላይ (በነሱ አቆጣጠር) የጤና መስሪያ ቤቱ ይሄን የመከልከል ስልጣን የለውም ብሎ አቆመው።

ጥያቄ፦ በጦርነቱ ጊዜም አዋጅ ነበር እኮ፣ ያኔ ከወልድያ ተፈናቅለን ደሴ ስንመጣ ለአንድ ክፍል እጥፍ ነው የተጠየቅነው፣ ለምን አልጠበቀንም?

አብሽሩ፣ ያን ጊዜ የደረሰባችሁን አይቻለሁ፣ ትምህርት ቤቶቹ ሞልተው ሰው በረንዳ ላይ ያድር ነበር። አዋጅ ሲባል ግን ሁሉም አንድ አይደለም። እያንዳንዱ አዋጅ የራሱ ዝርዝር አለው። ጥቅምት 23፣ 2014 የታወጀው ወልድያ ከተያዘች በኋላ ነው፣ እሱም የጸጥታ ነበር፣ የቤት ኪራዩ ክልከላ ደግሞ የ2012ቱ የወረርሽኝ ደንብ ነው፣ እሱም ከዛ ከአመት በፊት አብቅቶ ነበር። ስለዚ ነገ ሌላ አዋጅ ቢታወጅ «አዋጅ አለ፣ አልወጣም» ብላችሁ አትተማመኑ፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ ላይ ቤት ኪራይ የሚል መኖሩን አረጋግጡ።

እግረ መንገዴን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ በሕገ መንግስቱ አንቀጽ 93 የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት ክልልም በራሱ አዋጅ ማወጅ ይችላል። ጠያቂ ካለ እኮ አዲስ አበባን ብቻ መጠበቅ የለብንም።

ጥያቄ፦ እሺ አሁን ምን ይጠብቀናል? አዲሱ የኪራይ አዋጅ የሚባለው?

አዋጅ 1320/2016 ነው፣ ፓርላማው መጋቢት 2016 ላይ ነው ያፀደቀው። ወረርሽኝ ኖረም አልኖረም የሚሰራ ስለሆነ ለኔ ከኮቪዱ ደንብ በላይ ነው። ዋና ዋናውን ብነግራችሁ፣ ውል በጽሑፍ ነው፣ ከሁለት አመት አያንስም፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር መብለጥ አይችልም (ስድስት ወር ካልከፈላችሁ የሚሉትን ደላሎች አስቡ)፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ነው፣ ጭማሪ ደግሞ ባለቤቱ በፈለገው ቀን ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በአመት አንዴ በሚያሳውቀው መሰረት ነው። የመኖሪያ ቤት ብቻ ነው፣ ሱቅ አይነካም። አዲስ አበባ ምዝገባው የተጀመረው እዛው 2016 ሳያልቅ ነው። የክልል ከተማ ላይ የሚሰራው ግን ክልሉ ያቺን ከተማ ሲወስን ነው፣ ስለዚ ደሴም ሆናችሁ ኮምቦልቻ ከምንም በፊት ከተማ አስተዳደሩ ሄዳችሁ «ውል የሚመዘግበው ቢሮ የትኛው ነው» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከጎረቤት ወሬ አትነሱ።

ጥያቄ፦ የቀበሌ ቤት ነው ያለነው፣ እኛንም ይመለከታል?

የቀበሌ ቤት ሌላ ነው፣ መነሻው አዋጅ 47/1967 ነው፣ ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ የተሰጠው። አከራያችሁ መንግስት ስለሆነ አቤቱታችሁ እዛው አስተዳደሩ ጋ ይጀምራል። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ ማታ መጥቶ በሩን በሌላ ቁልፍ ቆለፈብኝ፣ እቃዬ ውስጥ ነው። ፖሊስ ጋ ስሄድ «ፍትሐ ብሔር ነው» ብለው መለሱኝ። ምን ላድርግ?

ይሄን በደንብ ስማኝ ወንድሜ፣ ረጅም ነው ግን ከሁሉም በላይ የምትፈልገው ይሄን ነው። ኪራይ ባትከፍል እንኳ ባለቤቱ በራሱ እጅ ሊያስወጣህ አይችልም። ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ እምቢ ካልክ ይከሳል፣ የሚያስወጣህ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። በር መቆለፍ፣ ቆጣሪ መንቀል፣ ቆርቆሮ መግፈፍ ሕግ አይደለም። በ2012 ክረምት አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች፣ ባለቤቱ ማስወጣት ሲከለከል በክረምቱ ጣሪያዋን ገፈፈባት፣ ራሷ ትውጣ ብሎ። የጽሑፍ ውል አልነበራትም ግን ጎረቤቶቿ መጥተው ስንት አመት እንደኖረችና በየወሩ ለማን እንደምትከፍል መሰከሩላት፣ ቆርቆሮው ተመለሰ።

ያንተን በተመለከተ፣ ነገ ጠዋት ሦስት ነገር አድርግ። የተቆለፈውን በር ቀንና ሰአቱ ሳይጠፋ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ኪራይ በቴሌብር ወይ በባንክ የላክበትን ሁሉ ስክሪንሹት ያዝ፣ በእጅ ከሰጠህ ሲሰጥ ያየ ሰው ፈልግ። ከዛ ወረዳ ፍርድ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለውን ክስ አቅርብ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ነው፣ ይዞታውን በጉልበት የተነጠቀ ሰው ይመለስልኝ የሚልበት፣ ሁለት አመት ሳያልፍ መቅረብ አለበት ግን አንተ ሁለት ቀንም አትጠብቅ። እዛው ላይ ክሱ እስኪወሰን በሩ እንዲከፈት ወይም እቃህ እንዳይነካ ጊዜያዊ ትእዛዝ ጠይቅ። ፖሊስ ጋ ደግሞ ስትመለስ «ቤት ልቀቅ አሉኝ» አትበል፣ እሱ እውነትም ፍትሐ ብሔር ነው፣ «በሬን ሰብሮ ቁልፍ ቀየረ፣ እቃዬን ያዘ» በል፣ ያ ወንጀል ሊሆን ይችላል፣ መዝገብ ላይ እንዲሰፍርልህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የዳኝነት መክፈያ እንኳ የለኝም እኮ፣ ባጃጄ ከቆመች ሁለት ወር ሆናት።

በደሃ ደንብ መክሰስ የሚባል አለ፣ አቅም የሌለው ሰው ዳኝነት ሳይከፍል መዝገብ የሚያስከፍትበት። ከቀበሌ አቅም እንደሌለህ የሚገልጽ ደብዳቤ አጻፍ፣ እሱን ይዘህ ስታመለክት ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ይፈቅዳል። ማመልከቻውን ለመጻፍ ብር ከሌለህ እኔ ጋ ና፣ ጠዋት ከሁለት ሰአት ጀምሮ በሩ ላይ ነኝ፣ ያለህን ወረቀት ሁሉ ይዘህ ና፣ የተቀደደም ቢሆን።