7 ለ 3 እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አዳማ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት በእንግሊዝ የተካሄዱትን የራግቢ ሊግ የክፍለ ሀገር ጥሎ ማለፍ ዋንጫዎች እያየን ነበር። ፍጻሜዎቹ 7 ለ 3 እና 5 ለ 2 ይላሉ። ትራይ 4 ነጥብ ከሆነ 7 ከየት መጣ? ደግሞ እኛም 13 ቡድኖች ይዘን ዋንጫ ልንጀምር ነው። ዕጣውን እንዴት እናውጣ?

መልስ፦ ያኔ ትራይ፣ ማለትም ኳሷን ከመስመሩ ማዶ መሬት ማስነካት፣ 3 ነጥብ ነበር። ወደ 4 ያደገው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ጎል፣ ማለትም ከትራይ በኋላ ወይም በቅጣት ምት ኳሷን መትቶ በሁለቱ ምሰሶዎች መሃል ከአግዳሚው በላይ ማሳለፍ፣ ግን ያኔም 2 ነው። ይህን ከያዙ ውጤቱ ራሱ ይናገራል።

ጃፓን እጅ ከሰጠች ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ ዋሪንግተን በሚገኘው ዊልደርስፑል ሜዳ ዊድነስ ዊጋንን 7 ለ 3 ረትቶ የላንክሻየርን ዋንጫ ወሰደ። 7 በ3 እና በ2 የሚሞላው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ አንድ ትራይና ሁለት ጎል። የዊጋን 3 ደግሞ አንድ ትራይ ብቻ ነው። በትራይ እኩል ናቸው፤ ዋንጫውን የለየው የመቺው እግር ነው። በሳምንቱ ሃሊፋክስ ላይ ብራድፎርድ ኖርዘርን ዌክፊልድ ትሪኒቲን 5 ለ 2 አሸንፎ የዮርክሻየርን ዋንጫ አነሳ። እዚህ ደግሞ አሸናፊው አንድ ትራይና አንድ ጎል፣ ተሸናፊው አንድ ጎል ብቻ አለው።

ነጥቡ ሲበዛ ግን በስሌት ብቻ አይተማመኑ። 6 ሁለት ትራይ ወይም ሦስት ጎል ሊሆን ይችላል። በዚያው የውድድር ዘመን፣ ሚያዝያ 26፣ ዌምብሌይ ላይ በተደረገው የአገር አቀፉ ዋንጫ ፍጻሜ ዌክፊልድ ዊጋንን 13 ለ 12 አሸንፏል። ዊጋን አራት ትራይ አስቆጥሮ አንድም ጎል አላገባም። ዌክፊልድ ሦስት ትራይና ሁለት ጎል ነበረው፤ አንዱ ጎል ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቢሊ ስቶት የመታው ቅጣት ምት ነው። በዛሬው ሕግ ቢቆጠር 16 ለ 16 አቻ ይወጡ ነበር።

እንግዲህ ለልጆቹ ከሁሉ በፊት ይህን ያስተምሩ፦ ከትራይ በኋላ ያለው ምት የሚመታው ኳሷ መሬት ከነካችበት ነጥብ ትክክል ወደ ኋላ በመሄድ ነው። ጥግ ላይ የወደቀ ትራይ መቺውን ከጎን ጠባብ ቀዳዳ ያሳየዋል። ከመስመሩ ያለፈ ልጅ ተከላካይ ካልደረሰበት ወደ ምሰሶዎቹ መሃል ሮጦ ያሳርፋት። በእግር ኳስ ጎል ላይ ማለማመድ ደግሞ ያታልላል፤ ስፋቱ 7.32 ሜትር፣ ከፍታው 2.44 ነው። የራግቢው ስፋት 5.5 ሜትር፣ አግዳሚው ደግሞ 3 ሜትር ላይ ነው። ሁለት ረጅም እንጨት ተክለው 3 ሜትር ላይ ገመድ ይወጥሩ። የአዳማን ነፋስ መቼም ያውቁታል፤ መቺው ከሁለቱም አቅጣጫ ይለማመድ፣ አምበሉም ሳንቲም ከመጣሉ በፊት አቧራው ወዴት እንደሚሄድ ይመልከት።

ወደ ዕጣው እንምጣ። ከ13 በላይ ያለው ቅርብ ቁጥር 16 ነው (2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ የሚሄደው)። 16 ሲቀነስ 13፣ ሦስት ቡድኖች ያለ ጨዋታ ያልፋሉ። 13 ወረቀት አጥፈው ቆብ ውስጥ ይጨምሩ። መጀመሪያ የወጡት ሦስቱ አላፊ ናቸው። የቀሩት አሥሩ በወጡበት ቅደም ተከተል ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጣመሩ፤ ቀድሞ የወጣው ባለሜዳ ይሁን። አምስት አሸናፊዎችና ሦስቱ ሲደመሩ ስምንት ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ያለ ጨዋታ አያልፍም። ጠቅላላው 12 ጨዋታ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በየዙሩ የተረፈውን አንድ ቡድን በማሳለፍ ነው። 13 ወደ 7፣ 7 ወደ 4 ይወርዳል፤ ዕጣው ሁለቴ የደረሰው ቡድን አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ግማሽ ፍጻሜ ይገባል። ጠቡም ከዚያ ይነሳል።

ደርሶ መልስ ከፈለጉ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ያድርጉት፤ አምስት ጨዋታ ይጨምራል። የሁለቱ ጨዋታ ድምር እኩል ቢመጣ ማን እንደሚያልፍ ግን ወረቀቱ ቆብ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጽፈው አምበሎቹን ያስፈርሙ።