ወረቀቱን አይለኩ፤ የተጻፈውን ልክ ያንብቡ

በድሬዳዋ ሳቢያን የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «የአንድ መኖሪያ ቤት ፕላን በስልኬ ተላከልኝና አሳተምኩት። ከሥሩ ስኬል 1:50 ይላል። የመስኮቱን ስፋት በማስመሪያ ስለካው 17 ሚሊ ሜትር ሆነ። በ50 አባዝቼ 850 ሚሊ ሜትር ብዬ ቱቦላሬውን (ውስጡ ክፍት የሆነውን የብረት ዘንግ) ቆረጥኩ። ሳይቱ ላይ ስደርስ ግን ለመስኮቱ የተተወው ክፍት 1200 ሆኖ አገኘሁት። ጥፋቱ የማን ነው? ኦቶካድ የሚባለውን የኮምፒውተር ንድፍ መሥሪያ መማር ጀምሬአለሁና በራሴ ንድፍ ላይ ይህ እንዳይደርስ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ፕላኑም ትክክል ነው፤ የእርስዎም ማባዛት ትክክል ነው። ነገሩ የተበላሸው ሲታተም ነው። 1200 በ50 ሲካፈል 24 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እርስዎ ወረቀት ላይ ያገኙት 17 ነው። 17ን ለ24 ሲያካፍሉ 0.71 ገደማ ይመጣል፤ ይህ ቁጥር ደግሞ ለንድፍ ሠሪ እንግዳ አይደለም። ኤ3 ወረቀት 297 በ420 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤ4 ደግሞ 210 በ297። ከኤ3 ወደ ኤ4 ሲወረድ እያንዳንዱ መስመር ወደ 0.707 ያጥራል። እንግዲህ ለኤ3 የተዘጋጀው ፕላን ኤ4 ላይ እንዲገባ ተጨምቆ ታትሞልዎታል። መስመሩ ሁሉ ሲያጥር «1:50» የሚለው ጽሑፍ ግን ጽሑፍ ነውና እንዳለ ቀረ። በእጅዎ ያለው ወረቀት እውነተኛ ስኬሉ 1:71 ገደማ ነው። የኤ1 ፕላን ኤ3 ላይ ሲታተም ደግሞ ልክ በግማሽ ስለሚያንስ 1:50 የነበረው 1:100 ይሆናል።

«እንግዲያው በ71 ላባዛ» እንዳይሉ። በማስመሪያ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሳት ቀላል ነው፤ ያቺ ግማሽ ሚሊ ሜትር በ71 ስትባዛ ከ35 ሚሊ ሜትር በላይ ትሆናለች። መስኮት በዚህ ስህተት አይገጠምም። ከፕላን ላይ በማስመሪያ ልክ አይወሰድም፤ የሚወሰደው የተጻፈው ቁጥር ነው። ማስመሪያ የሚያስፈልገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኅትመቱን ለመፈተን። ፕላኑ ላይ 3000 ተብሎ የተጻፈ ርቀት ይፈልጉና ይለኩት። በ1:50 ከሆነ 60 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት። 42 ከመጣ ወረቀቱ ተጨምቋል ማለት ነው።

የመስኮቱ ልክ ታዲያ የት አለ? ፕላኑ ላይ ከመስኮቱ አጠገብ ፊደልና ቁጥር ያለበት ትንሽ ክብ አይተው ይሆናል። እሱ መለያው ነው። ስፋቱ፣ ቁመቱና ከወለል ያለው ከፍታ የሚገኙት በሌላ ገጽ ላይ ባለው የበርና መስኮት ሠንጠረዥ ነው። የተላከልዎት አንድ ገጽ ብቻ ይመስለኛል። ሙሉውን ካላገኙ ሥራ አይጀምሩ። እዚያም ያልተጻፈ ልክ ካለ ንድፉን የሠራውን ሰው ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

ከዚያም ሜትርዎን ይዘው ሳይቱ ላይ ይለኩ። በብሎኬት ግድግዳ ላይ 1200 የተባለው ክፍት አብዛኛውን ጊዜ ከልስን በፊት ያለው ነው፤ በየጎኑ 20 ሚሊ ሜትር ልስን ሲጨመርበት 1160 ይቀራል። ክፈፉ ከልስን በፊት ነው የሚገባው ወይስ በኋላ የሚለውን ከግንበኛው ጋር ሳይስማሙ ብረት አይቁረጡ። የሐረር ጀጎል ዓይነት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው አሮጌ ቤት ከሆነ ደግሞ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው ብለው አይመኑ። ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለክተው ትንሹን ይያዙ፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘንም በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ።

ወደ ኦቶካድ ልመለስ። የመጀመሪያው ሕግ ሁሉንም በእውነተኛ ልኩ መሣል ነው። 1200 የሆነ መስኮት 1200 ተብሎ ይገባል እንጂ አስቀድሞ በ50 ተካፍሎ 24 አይደረግም። ስኬል የወረቀቱ ጉዳይ ነው፤ የዕቃው አይደለም። ዕቃው «ሞዴል» በሚባለው ቦታ ይሣላል፤ ወረቀቱ የሚዘጋጀው «ሌይአውት» ላይ ነው። ሌይአውቱ ላይ የሚከፍቱት «ቪውፖርት»፣ ማለትም ሞዴሉ የሚታይበት ሳጥን፣ 1:50 ይደረግና ይቆለፋል። ሲያትሙ የወረቀቱ መጠን ከሌይአውቱ ጋር አንድ ይሁን፤ የኅትመቱ ስኬል 1:1 ይሁን፤ ንድፉን ወረቀቱ ላይ እንዲገባ የሚጨምቀው «ፊት ቱ ፔፐር» የሚለው ምልክት ይነሳ። ፒዲኤፍ ሲያሳትሙም መቶ በመቶ በልኩ ይታተምልኝ ይበሉ።

መለኪያውን ቀድመው ይወስኑ፤ ለብረት ሥራ ሚሊ ሜትር ይሻላል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነው። የአዲሱ የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ 1.435 ብሎ፣ ሌላው 1435 ብሎ ቢሥለው ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሁለቱ ንድፎች አንድ ፋይል ውስጥ ሲገቡ ግን የመጀመሪያው ከሁለተኛው አጠገብ እንደ ነጥብ ያንሳል። ለበር የሚሆን ጌጥ በሲኤንሲ ፕላዝማ (በኮምፒውተር በሚመራ የብረት መቁረጫ ማሽን) ለማስቆረጥ ዲኤክስኤፍ የተባለውን የንድፍ ፋይል ሲልኩም በሚሊ ሜትር መሆኑን አብረው ይጻፉ። ማሽኑ በኢንች ካነበበው ጌጡ 25.4 እጥፍ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎት ይህን ነው፦ የልክ ቁጥርን በእጅ አይጻፉ። ፕሮግራሙ ራሱ ከመስመሩ አንብቦ ይጻፈው። 1180 የመጣውን ልክ «1200 መሆን ነበረበት» ብለው ቁጥሩን ብቻ ካስተካከሉት መስመሩ 1180 እንደሆነ ይቀራል። ነገ ንድፉ ለማሽን ሲላክ ማሽኑ የሚከተለው መስመሩን ነው፤ ቆራጩ የሚያነበው ቁጥሩን። አንድ ገጽ ላይ ሁለት እውነት ይኖራል፤ ብረቱም በሰው ገንዘብ ይበላሻል። መስመሩን ያስተካክሉ፤ ቁጥሩ ይከተላል።

ጽሑፍ ወረቀት ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ቁመት ቢኖረው ይነበባል፤ ሞዴል ላይ ለ1:50 ከጻፉት 125 ያድርጉት። ገጹ ጥግ ላይ ደግሞ በሜትር የተከፋፈለች የስኬል መስመር ይሣሉ። ወረቀቱ ሲጨመቅ አብራ ስለምታጥር ከጽሑፉ ይልቅ እሷ አትዋሽም።

የቆረጡትን 850 ቱቦላሬ አይጣሉት። ሠንጠረዡ ሲደርስዎ የመታጠቢያ ቤቱንና የማዕድ ቤቱን መስኮት ይመልከቱ፤ ከ850 ያነሰ ልክ ካለ ከዚያው ይወጣል። ለ1200 ክፈፍ ግን ቁራጭ ቀጥለው አይበይዱ፤ ብየዳው ብረቱን ስለሚስበው ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ መስኮቱም አይገጥምም።